አርባ አንድ ስግደት

«ጅማት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ የሰውነት ክፍል ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያታለሁ። በሳይንስ መጽሐፋችን ስለ አጥንት ሁለት ገጽ፣ ስለ ጡንቻ አንድ ገጽ ከነሥዕሉ አለ፤ ስለ ጅማት ያለው ያው አንድ መስመር ነው። ተማሪዎቼ ስለ ጅማት ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ፈተና ላይ አውጥቼው አላውቅም። የራሴ ከተበጠሰ በኋላ ግን ያችን መስመር እንደጻፍኩ ቶሎ አጥፍቼ ወደ ሳንባ አልፋለሁ።

የተበጠሰው በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት ሲዘጋ ነው። እናቴን ጠይቄ ወደማስተምርበት ወደ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ እየተመለስኩ ነበር። የእናቴ አገር ስማዳ ነው። መኪና ከወገዳ ወዲህ ባለ አንድ አፋፍ ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁልቁለት ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። በተመለስኩ ቁጥር እናቴ አንድ ጆንያ ገብስ በአህያ አስጭና እስከ መኪናው መንገድ ትልክልኛለች። ደመወዝተኛ ነኝ፣ ከገበያ እገዛለሁ ብላት አትሰማኝም። የከተማ ገብስ ግማሹ አፈር ነው ባይ ናት።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ የሰዉን ጆንያ ሁሉ መተላለፊያው ላይ ደረደረና የእኔን ከእግሮቼ መሐል ሰነቀረው። «የራስዎ ነው እትዬ፣ አቅፈው ይያዙት» አለኝ። ቀኝ እግሬ ከገብሱና ከወንበሩ ብረት መሐል ተጣብቆ ቀረ፤ ላንቀሳቅሰው ብልም አልሆነልኝም። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ጎማ ይነጋገር ነበር። አንድ ጠመዝማዛ ላይ መንገዱን ሳተና መኪናው ከቦዩ ውስጥ በጎኑ ተጋደመ። ቀስ ብሎ ነው የተጋደመው፤ ሰው አልሞተም፣ ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሰም። ሰውነቴ ወደ መስኮቱ ሲዞር እግሬ አልዞረም። ከጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሰው ሁሉ በመስኮት እየወጣ ልብሱን ሲያራግፍ እኔ ገብሴን አቅፌ እዚያው ቀረሁ።

ራጅ ተነሣሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንትዎ ደህና ነው» ተባልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ያልነገረኝ ሰው የለም። የቤቱ ባለቤት፣ ርእሰ መምህሩ፣ ባለ ሱቁ፣ ሁሉም «አጥንትሽ ደህና ነው አሉ፣ ተመስገን ነው» ብለው ተመስገንን እኔው እንድል ይጠብቃሉ። በእኛ አገር ጉዳት ማለት ወይ አጥንት ነው፣ ወይ ደም ነው። ከሁለቱ አንዱን ያላሳየ ሰው እንዳኮረፈ ሰው ነው የሚታየው። ወጌሻው ሦስት ጊዜ በቅቤ አሸኝ፤ ወለም ብሎሻል አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጮኼበት ተቀየመና ቀረ።

ሽማግሌዎችም መጥተው ነበር። ሾፌሩን መሐል አስቀምጠው ወጣት ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ይቅር በይው አሉኝ። ይቅር አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ይቅርታው እስከ ሐሙስ ድረስ ቆይቶልኛል። ሐሙስ ውኃ ልቀዳ ባልዲ አንሥቼ ጉልበቴ ከድቶኝ ደጃፌ ላይ ስወድቅ ይቅርታዬን መልሼ ወሰድኩ፤ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እንደገና ሰጠሁት። እንዲህ ስሰጥና ስነሣ ዓመት ሆነኝ።

ነገሩ የተለየው ባሕር ዳር ስሄድ ነው። ሐኪሙ ጭኔን በአንድ እጁ ይዞ ባቴን በሌላው ወደ ፊት ሳበው፤ ማጠፊያው እንደ ላላ በር ተንሸራተተ። ሁለታችንም አየነው። በትልቁ መሣሪያ ተነሥቼ ወረቀቱ ሲመጣ ያች የአንድ መስመር ጅማት ሙሉ በሙሉ መበጠሷ ተጽፏል። በቀዶ ጥገና ሌላ ጅማት በቦታው ይተከላል አለኝ፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ስቄበታለሁ።

«ከተሠራልኝ ቁልቁለት እወርዳለሁ?» አልኩት።

«ይወርዳሉ። እስከዚያው ግን አይንበርከኩ፣ ቁጢጥ አይበሉ፣ ቁልቁለት አይሞክሩ። ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ።»

ከጋይንት መምጣቴን ስነግረው ካርዴን ገልብጦ አየና «ሜዳ አለ እንዴ እዚያ?» አለኝ። ከአደጋው በኋላ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ካሣ ጠየቅሁ። ሰው የሚመስለው ገንዘብ አየሁ ብዬ የተነሣሁ ነው፤ ይምሰለው። ከካሣው የምፈልገው ቀዶ ጥገናውን ነበር። ከቀዶ ጥገናው የምፈልገው ደግሞ የሁለት ሰዓቱን ቁልቁለት ወርጄ እናቴ ደጅ መድረስ ነው። እናቴ አስም አለባት፤ ያንን ዳገት ከወጣች ዓመታት አልፈዋል። እኔ መውረድ ካልቻልኩ እሷ መውጣት አትችልም፤ በበቅሎ እንዳትመጣም የመንገዱ ግማሽ ደረጃ ደረጃ ድንጋይ ነው፣ በቅሎ ላይ ሰው አያስቀምጥም። ዳግም ሳንተያይ ልንሞት ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ እሷ አታውቅም ነበር። አልነገርኳትም። ገብሱ ነው እግሬን የያዘው ብዬ እንዴት እነግራታለሁ? ብነግራት ያን ጆንያ የሰፋችበትን እጇን ትረግማለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ትደውልልኛለች፤ ያኔ ውሸቴን ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። አንዴ ፈተና እያረምኩ ነው፣ አንዴ ሥልጠና አለብኝ፣ አንዴ መንገዱ ተዘግቷል። መንገዱ እውነትም የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ሌላው ሰው ሲጨነቅ እኔ በልቤ እፎይ እል ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እናቴ መጀመሪያ «አይዞሽ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» ትለኝ ነበር። እየቆየች ዝም ማለት አመጣች። ከዚያ «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ» ብላ መዝጋት ጀመረች።

የምኖረው በኪራይ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባሌን ከፈታሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለንም። ጤነኛ እያለሁ ብቸኝነቴን አላውቀውም ነበር፤ ሥራ ነው የምለው። እግሬ ከተያዘ በኋላ ግን ክፍሏ ጠበበችኝ። ከበር ውጭ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እሷን ወርጄ እስክቆም ድረስ ጠዋቴ ያልቃል። ስለ ሽንት ቤቱ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቁጢጥ ማለት የማይችል ሰው በጉድጓድ ሽንት ቤት ምን እንደሚያይ ያላየው አያውቀውም። ገመድ ከወራጁ ላይ አስሬ እሷን ይዤ ነው። ገመዷን ያሰርኩት ራሴ ነኝ፤ እሰሪልኝ የምለው ሰው አስቤ አስቤ አጣሁ። የሥራ ጓደኞቼ የመጀመሪያውን ሳምንት ዳቦና ሙዝ ይዘው መጡ። ከዚያ ማን ይጠይቃል፤ አጥንቷ ደህና ነው።

ስቅለት እንዲህ ባለ ጊዜ ደረሰ። አደጋው ከደረሰብኝ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ ሐኪሙም አትንበርከኪ ካለኝ ገና ሁለት ሳምንት አልሆነኝም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ቆሜ ለመዋል አስቤ ነበር። የታመመ አንገቱን ቢደፋ ይበቃዋል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ መስገድ ጀመረ። «ኪርያላይሶን» ሲባል ያ ሁሉ ነጭ ልብስ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ደግሞ ተነሣ፣ ደግሞ ወረደ። በወረደ ቁጥር ከፊቴ እስከ ቤተ መቅደሱ በር ድረስ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ በተነሣ ቁጥር ደግሞ አንዳንዱ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን «እሷ ለምን አትሰግድም?» አለቻት። እናቷ «ዝም በይ» አለቻት። ሦስት ወር ሙሉ ብቻዬን በላሁ፣ ብቻዬን ተኛሁ፣ ብቻዬን ወደቅሁ፤ ሕዝብ ሁሉ አንድ ነገር በሚያደርግበት ቀን ደግሞ ብቻዬን ቆምኩ። አልቻልኩም። ግራ ጉልበቴን አጥፌ፣ ቀኙን ወደ ጎን ዘርግቼ ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለኝ።

መነሣት ግን አልቻልኩም። በእጄ ስፍገመገም ከኋላዬ አንድ እጅ መቀነቴን ጨብጦ ብድግ አደረገኝ። የሴት እጅ ነው። ዞሬ ሳላያት ሕዝቡ እንደገና ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ደግማ አነሣችኝ። እንዲህ እያልን ዋልን። ቃል አልተለዋወጥንም፤ በዚያ ቀን ወሬ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ሳይ የግራ እጇን አንጓ አየሁት፤ ጥቁር ክር ታስሮበታል፤ መዳፏ የሻከረ ነው፣ የገበሬ ሴት መዳፍ።

ወደ ማታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ሕዝቡን እየጠበጠቡ የስግደት ቁጥር ሲሰጡ ተራዬ ደረሰ። ሽማግሌው ቄስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አርባ አንድ ስገጂ» አሉኝ። አባቴ፣ እግሬ ታሟል ብላቸው ወዲያው ይተዉልኝ ነበር። «እሺ አባቴ» አልኩ። አርባ አንዷንም ሰገድኩ፤ አርባ አንድ ጊዜም ተነሣሁ፤ መቀነቴ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ስጨርስ ዞርኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወደ በሩ ይጎርፋል። የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጉልበቴ አብጦ ለሳምንት ከቤት አልወጣሁም። አልተጸጸትኩም። ከአደጋው ወዲህ ወጌሻውንና ሐኪሙን ካልቆጠርኩ ሰው የነካኝ ያን ቀን ብቻ ነበር።

ክሱን የመሠረትኩት በሰኔ ነው፤ በመኪናው ባለቤትና ዋስትና በሰጠው ኩባንያ ላይ። የትራፊክ ፖሊሱ የሣለው ፕላን፣ የሐኪም ወረቀት፣ የጉዳቴ መጠን በመቶኛ የተጻፈበት የቦርድ ማስረጃ፣ ሁሉንም በፌስታል ይዤ እመላለሳለሁ። ፍርድ ቤት ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ሌላው ሰው ከወንድሙ፣ ከአጎቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተደርድሮ ይቀመጣል፤ እኔ ከፌስታሌ ጋር። ቀጠሮ ይሰጣል፤ ዳኛ ሥልጠና ነው ይባላል፤ መንገድ ተዘግቶ የተከሳሾቹ ጠበቃ አልደረሰም ይባላል። ቀጠሮውን ሁሉ ክረምቱን ከነጭቃው፣ ጥቅምትን ከነነፋሱ ተመላለስኩበት።

በኅዳር የእነሱ ምስክር ቀረበ። ሳየው ደነገጥኩ። የእናቴ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣል፤ ንፋስ መውጫ መጥቶ የባቄላና የምስር ንግድ ይዟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የመኪናው ባለቤት ጭነቱን ስለሚያጓጉዝለት ጠርቶት ነው። ማለ። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«መምህርቷን ያውቋታል?» አለው ጠበቃው።

«አውቃታለሁ፣ ያገሬ ልጅ ናት። እናቷ ጎረቤታችን ናቸው።»

«ባለፈው ስቅለት አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን።»

«ምን ስትሠራ አይዋት?»

«ስቅለት ዕለት ምን ይሠራል ጌታዬ፣ ስትሰግድ ነዋ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። «ስንት ጊዜ ሰገደች?» ሲለው «እኔ የራሴን እንጂ የሰው ስግደት አልቆጥርም» ብሎ ተቆጣ።

ጠበቃው ወደ ዳኛው ዞሮ ንግግሩን አሳመረ። ወይ ጅማቱ አልተበጠሰም፣ ወይ ደግሞ ከሳሿ የሐኪም ትእዛዝ ጥሳ ጉዳቱን በገዛ እጇ አባብሳዋለች አለ። ሲናገር አየሁት፤ ግንባሩ ላይ የስግደት ጠባሳ ያለበት ሰው ነው።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ስንት ጊዜ ሰገዱ?»

«የታዘዝኩት አርባ አንድ ነው። ከዚያ በፊት የሰገድኩትን አልቆጠርኩም።»

«ሐኪም እንዳይንበረከኩ ነግሮዎት አልነበረም?»

«ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ሰገዱ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ብቻዬን መቆም ስላስጠላኝ ነው። ግን ይህን ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ለጠበቃውና ለመኪናው ባለቤት፣ ፌስታሌን ታቅፌ እንዴት ልበለው? «ስቅለት ስለነበረ ነው» አልኩ። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«በተጎዳ ጉልበት ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ተነሡ?»

«አንዲት ሴት በመቀነቴ ይዛ ታነሣኝ ነበር።»

«እንግዲህ እሷ ትምጣና ትመስክርልዎ። ማን ናት?»

«አላውቃትም።»

«የት ሰፈር ናት?»

«አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ። ፊቷን አላየሁትም።»

ሰው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ዳኛው ምስክሬን ፈልጌ እንዳቀርብ ቀጠሮ ሰጡኝ። ሦስት እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ የሚወጣውን ሴት ሁሉ ግራ እጅ ሳይ ዋልኩ። ጥቁር ክር ያሰረች ስትመጣ ተከትዬ «ስቅለት ዕለት አንቺ ነሽ ያነሣሽኝ?» እላለሁ። አንዷ ሳቀችብኝ፤ አንዷ ደንግጣ አማተበች፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ እጄን ይዘው «አይ ልጄ፣ እኔ ብሆን ደስ ባለኝ» አሉኝ። ለገበያ መጥታ ስቅለት የዋለች የሩቅ ገጠር ሴት ልትሆን ትችላለች። ክሩም ይኸኔ ተበጥሶ ይሆናል። በአራተኛው ሳምንት ባዶ እጄን ቀረብኩ።

ፍርዱ በጥር መጨረሻ ተነበበ፤ አደጋው በደረሰ በዓመቱ መሆኑ ነው። እስከ ስቅለት ድረስ ለሕክምና ያወጣሁት እንዲከፈለኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ራሴ ያባባስኩት ስለሆነ እንዳይከፈለኝ ተወሰነ። ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ይግባኝ ማለት ትችያለሽ አሉኝ። በደረጃው ስወርድ ያ ምስክር ከታች ቆሞ ጠበቀኝ። «እህቴ፣ ምዬ ነው፤ ሐሰት አልተናገርኩም» አለኝ። «አልተናገርክም» አልኩት። ክንዴን ይዞ ሊያወርደኝ እጁን ዘረጋ፤ ንዴት ይዞኝ ስለነበር በግድግዳው ተደግፌ ለብቻዬ ወረድኩ። አሁን ሳስበው ያን እጅ መግፋት አልነበረብኝም።

ስማዳ ወርዶ፣ ከችሎት የሰማውን የገብሱን ነገር ሳይቀር፣ ለእናቴ የነገራት እሱ ነው። እንደሚያስከፋኝ አስቦ አይደለም፤ የማታውቅ አልመሰለውም።

እሑድ ስልኬ ሲጠራ ውሸቴን አዘጋጅቼ አነሣሁት።

«አንች!» አለችኝ እናቴ። ነፋሱ ከጉብታው ላይ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል። «ጉልበትሽ ተበጠሰ አሉ።»

ያዘጋጀሁትን ውሸት ትቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ገብሱ ነው የያዘሽ አሉኝ።»

«ገብሱ አይደለም እምዬ፣ ሾፌሩ ነው።»

«ገብሱ ባይኖርስ ኑሮ?»

ማልቀሷን ሰማሁ፤ ከዚያ ልቅሶዋ አለቀና ቁጣዋ መጣ። «እኔ እኮ ዓመት ሙሉ ልጄ ኮራች፣ ናቀችኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳማሽ ከረምሁ! ምነው ብትነግሪኝ? እናት ምን ልትሆን ነው የተፈጠረችው? እንዴው ምነው አንች ልጅ?» እያለች ወቀሰችኝ። እኔም አለቀስኩ። ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ያላለቀስኩትን በስልክ አለቀስኩት።

ትንሽ ቆየችና «ስቅለት ዕለት ሰገድሽ አሉ፤ በዚያ ጉልበት ማን አነሣሽ?» አለችኝ።

«አንዲት የማላውቃት ሴት።»

«እግዜር ይስጣት» አለች። ዳኛው የጠየቁኝን ነው የጠየቀችኝ፤ እሷ ግን ምስክር አላስፈለጋትም።

እኔ ልውጣ አለች፤ አስሟን አስታውሼ ከለከልኳት። እኔ ልውረድ አልኩ፤ ብትወርጅ አልቀበልሽም አለች። ሁለታችንም ደረቅ ነን። በመጨረሻ መላ ያመጣችው እሷ ናት። «ከአፋፉ ላይ ሆነሽ ደብራችንን ታይው የለም? ስቅለት ዕለት እዚያ ቁሚልኝ። ሕዝቡ ሲበዛ የምንሰግደው ከቅጥሩ ውጭ ሜዳው ላይ ነው። እኔ ከዚያች ከብቻዋ ከቆመችው ጽድ ሥር እሆናለሁ። ባታይኝም አየኋት በይ።»

በጸሎተ ሐሙስ ወገዳ ሄጄ አደርኩ። በስቅለት ጠዋት አንድ ባለ ባጃጅ ለምኜ ከአፋፉ አደረሰኝ። እሱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቸኩሏል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎኝ ጥሎኝ ሄደ። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ እረኛ እንኳ የለም። ድንጋይ ላይ መቀመጥ እችል ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ከታች ደብሩ ይታያል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በዛፎቹ መሐል ያበራል። ሜዳው ላይ ሰው እንደተዘራ ጤፍ ደቆ ነው የሚታየው፣ ነጭ ነጭ ብቻ። ጽዷን አገኘኋት። ሥሯ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች አምስትም ስድስትም ይሆናሉ፤ እናቴ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም። ለዚህ ነው የመጣሁት ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ድምፅ አይደርስም። ነፋሱ ብቻ ነው።

መስገድ ሲጀመር አየሁ። ነጩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ዝቅ አለ። እናቴ በአገሩ በስግደቷ የታወቀች ናት፤ አስሟ እያፏጨ ካህናቱ ከሚያዝዙት በላይ ትሰግዳለች፤ ተይ ሲሏት አትሰማም። ስለዚህ ከጽዷ ሥር በፍጥነት የምትወርድና የምትነሣዋን ስፈልግ ቆየሁ። ሁሉም ይወርዳሉ፣ ሁሉም ይነሣሉ። አንዷ ግን አልወረደችም። መጀመሪያ ድንጋይ ወይም ምሰሶ መሰለችኝ። በሚቀጥለው ስግደትም አልወረደችም፤ በሚቀጥለውም። ያ ሁሉ ሕዝብ መሬት ላይ ሲደፋ፣ ከጽዷ ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች።

እናቴ ልትሆን አትችልም አልኩ። እናቴ ስቅለት ዕለት ቆማ አትውልም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀች፤ እኔ ላይ፣ እሷ ታች፣ ሁለታችንም ቆመን ዋልን። እግሬ ሲደክመኝ በግራዬ፣ ሲብስብኝ በዘንጌ ተደገፍኩ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያን ቀን በሰው ተከብቤ የዋልኩበት ጊዜ የለም። ባለ ባጃጁ መጥቶ «እትዬ፣ ምነው ያለቅሳሉ፣ ሰው ሞተብዎት?» ሲለኝ ስቅለት ነው አልኩት።

የፋሲካ ዕለት ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን፤ ገደፍሽ ወይ አለችኝ፤ ገደፍኩ አልኳት። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ፈራሁ።

«አየሽኝ?» አለችኝ።

«አንዲት ያልሰገደች አየሁ እምዬ። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ! ቄሱ ሳይቀሩ መጡብኝ። ‹ምነው እማማ፣ ዛሬ አልሰገዱም፣ አመመዎ ወይ?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጉልበቴ ተበጥሷል አልኋቸው።»